ፊቱን ወደ ሜዳ ያዞረው ወጥ ቤት

ባለቤቴ መኪናዋን ሲሠራት ወጥ ቤቱን ከኋላ አደረገው። ወንበሮቿን ነቅሎ ያወጣላት ትንሽ አሮጌ ሚኒባስ ናት። ከሾፌሩ ጀርባ ሁለታችን የምንተኛባት ጠባብ አልጋ አለች። ከአልጋዋ ግርጌ የውሃ በርሜሉና የጋዝ ሲሊንደሩ ይቀመጣሉ። ከዚያ እስከ ኋላው በር ያለው ምድጃውና የዕቃ መደርደሪያው ነው። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ሸሕዲ ያለውን ቤት ለእናቱ ትተን በመኪናዋ እንወጣ ነበር። ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው እየዞርን ከደጋ ለሚመጡት ሠራተኞች ምሳና ራት እናበስላለን፤ እዚያው እናድራለን፤ ሰሊጡ ተራግፎ ሲያልቅ ወደ ቤት እንመለሳለን።

የኋላው በር አንድ ወጥ ላሜራ ነበር፤ ማጠፊያው ከላይ። ባለቤቴ ከታች ይዞ ወደ ላይ ያነሳውና በፌሮ ብረት ይደግፈዋል፤ እንዲያ ተከፍቶ ለሚያበስለው ሰው ጥላ ይሆናል። እሱ ረጅም ስለነበር ሲያነሳው እንደ መጋረጃ ነበር የሚቀልለው። እኔ ጫፉን ለመያዝ ጀሪካን ገልብጬ እወጣለሁ። "ለአንቺ ቁመት የሚሆን በር ለፍየል ግልገል ነው የሚሠራ" ይለኛል። "እንግዲያ ፍየል አግብተሃል" እለዋለሁ።

የበሩ ነገር ግን ከቁመት ያለፈ ነበር። በዚያ በር የሚያበስል ሰው ፊቱን ወደ መኪናው ውስጥ፣ ጀርባውን ወደ ሜዳው ሰጥቶ ነው የሚቆመው። ስንት አጨዳ በዚያ በር ስናበስል ከርመን አንዳችንም ይህን ነገር ልብ አላልነውም።

እዚህ አገር ተኩስ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የምን ተኩስ እንደሆነ ነው። ለሠርግ ይተኮሳል፤ ለለቅሶ ይተኮሳል። ሰሊጥ ታጭዶና ታስሮ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ እንዲደርቅ ሲቆም ሂላ ይባላል፤ የእርሻው የመጨረሻ ሂላ የተራገፈ ቀን ባለ እርሻው ደስ ብሎት ወደ ሰማይ ይተኩሳል። የዚያን ቀን ከሽንፋ መንገድ ገባ ባለ እርሻ ላይ ተኩሱ ሲሰማ ከሠራተኞቹ አንዱ እልል አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ባለቤቴ ጭልፋውን እንደያዘ፣ ሳይዞር፣ "እነዚያ ጨረሱ ማለት ነው፤ ዛሬ ፍየል ወድቋል" አለ። እኔ ጋቢና ተቀምጬ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ሁለተኛው ተኩስ ቀረብ አለ። ቀና ብዬ በፊት መስታወቱ ሳይ ሰዎች ጎንበስ ብለው ሲሮጡ አየሁ። ስሙን ጮኼ ጠራሁት።

"ምን?" አለኝ። ሥራ ላይ እያለ በጠራሁት ቁጥር እንደሚለኝ፣ ትንሽ ስልችት ባለው ድምፅ።

ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም። ማን በማን ላይ እንደተኮሰ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ለቅሶ የደረሱ ሰዎች ጥይቱ ለእሱ የታሰበ እንዳልነበር ነገሩኝ፤ ሊያጽናኑኝ ብለው ነው። እኔ ግን የማስበው ጀርባውን ነው። ሜዳው በሙሉ ከኋላው ነበር።

ዓመቱ ዞሮ ሰሊጡ እንደገና ቢጫ መሆን ጀመረ። ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም። ዛላው አፉን ከከፈተ በኋላ ሳይራገፍ የዋለ እንደሆነ ነፋስ መትቶት ፍሬው በዋልካው ጥቁር አፈር ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ማንም አይለቅመውም። ስለዚህ መንገድ ተዘጋ ቢባልም፣ ሰው ተወሰደ ቢባልም፣ ሠራተኛው እርሻ ላይ ይውላል። የዋለ ሠራተኛ ይበላል። እኛም ከሌላ ከምን እንደምንኖር አላውቅም።

የባሌ እህት አብራኝ ልትወጣ ፈቀደች። ወንድሟ ቀጭን ዝምተኛ ሰው ነበር፤ እሷ ወፍራምና ባለ ብዙ ወሬ ናት። እኔን "እታለም" ትለኛለች፤ ስትናደድብኝ ደግሞ "እሜቴ"።

ለመጀመሪያ ቀን ለከተማው የሚቀርብ እርሻ መረጥን። ጀሪካኑ ላይ ወጥቼ በሩን አነሳሁ፤ እሷ ፌሮውን ደገፈችልኝ። ምድጃውን ለኩሼ ሽሮውን ጣድሁ። ከዚያ ጀርባዬ ይሰማኝ ጀመር። ሌላ ቃል የለኝም፤ ሰው ስለ እግሩ ወይም ስለ ወገቡ ያስባል እንጂ ጀርባ አለኝ ብሎ አያስብም። የደረቀ አገዳ ሲሰበር እዞራለሁ። አንዱ ሲያስል እዞራለሁ። የሩቅ ትራክተር ሲንኳኳ እዞራለሁ። ስዞር ሽሮው ይይዛል፤ ወደ ሽሮው ስመለስ ሜዳው ይጠፋኛል። ሠራተኞቹ ሊበሉ ሲቀመጡ አንድ የጎጃም ሰው ሳህኑን አዘንብሎ ተመለከተ።

"እትዬ፣ ይኼ ሽሮ ነው ወይስ ከሰል?"

"ከሰል በነጻ የሚያድል የት አግኝተህ ታውቃለህ?" አለችው የባሌ እህት። "ይልቅ ብላ፤ ሆድህ ቢያዝ መድኃኒት ነው።"

ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርሁ፤ ግን ዓይኔ ከሂላዎቹ ራስ በላይ የሚነሳ አቧራ ይፈልግ ነበር።

ቤት እንደገባን የፓስታ ካርቶን ቀድጄ ውስጡ ላይ መኪናዋን ከጎን ሣልኋት። ሥዕል አልችልም፤ ያሰብሁት ግን ግልጽ ነበር። የሚያበስለው ሰው ከውጭ ቆሞ ወደ ውስጥ ማየቱ ይቅር። ውስጥ ይቀመጥ፤ ፊቱ ወደ ሜዳው ይሁን። በሩ ከወገቡ ላይ ለሁለት ይቆረጥ። የላይኛው ግማሽ እኔ ከተቀመጥሁበት እጄ በሚደርስበት ልክ ወደ ላይ ይከፈት። የታችኛው ግማሽ ወደ ውጭ ወርዶ በሁለት ሰንሰለት ይንጠልጠልና ጠረጴዛ ይሁን። ከታችኛው ጫፍ አንድ ገመድ ተነስቶ በጣሪያው መዘውር አልፎ ወደ ቀኝ እጄ ይምጣ። ገመዱን ስስብ የታችኛው ይነሳል፤ ሲነሳ የላይኛውን ድጋፍ ገፍቶ ይጥለዋል፤ የላይኛው ከላዩ ላይ ይወርዳል። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው። ከዚያ በአልጋዋ ላይ በጉልበቴ ተሻግሬ መሪው ጋ እደርሳለሁ፤ መሬት ሳልረግጥ እሄዳለሁ።

አውቶቡስ መነኻሪያው አጠገብ ብየዳ የሚሠራ ሰው አለ። ካርቶኑን አሳየሁት። የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አዙሮ አዙሮ አየው።

"እታለም፣ ይኼ በር ነው ወይስ ወጥመድ?"

"በር ነው።"

"ለመክፈቻ ከሆነ እኮ ከወደቀ መኪና አሞርዛተር ፈልጌ ብገጥምልሽ፣ በጣትሽ ገፋ ስታደርጊው ብድግ ይላል። ሰው ሁሉ የሚያስቸግረው መክፈቱ ነው።"

"እኔን የሚያስቸግረኝ መዝጋቱ ነው" አልሁት።

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። የባሌን ነገር ያውቃል፤ ሸሕዲ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ሜትሩን አውጥቶ ውስጡን ለካና፣ ምድጃው ወደ ጎን ቢዞር ከኋላው የሚቀረው ቦታ ለአንድ ሰው እንደሆነ ነገረኝ። ለሁለት ሰው ካልሁ የውሃ በርሜሉ መውጣት አለበት።

"በርሜሉ ከወጣ በምን እናበስላለን?" አልሁ።

"እኔ እንደሆንኩ ለዚያች ቀዳዳ አልተፈጠርኩም" አለች የባሌ እህት፣ ሆዷን መታ መታ አድርጋ። "እዚያ ከገባሁ የሚያወጣኝ ክሬን ነው። እኔ ውጭ ሁኜ ላሳልፍ። ደግሞ እሜቴ መስኮት ላይ ቁጭ ብላ ስታዝ ማን ይታዘዛል?"

እንዲህ ተስማማን። እኔ ውስጥ፣ እሷ ውጭ። አንድ ነገር ያየሁ እንደሆነ እጠራታለሁ፤ እሷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ደፍታ ወደ ጋቢናው በር ትሮጣለች፤ እኔ ገመዱን እስባለሁ። ጠረጴዛው ላይ ዕቃ ከበዛ አይነሳም፤ ሰንሰለቱ ይጨናነቃል፤ ይህን በያጁ ደጋግሞ ነግሮናል።

"እህሉን ልድፋ?" አለች።

"ድፊው።"

"መሬት ላይ?"

"የት ልትደፊው ኑሯል?"

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። እኛ ዘንድ ቁራሽ እንጀራ ከእጅ ቢያመልጥ ተነስቶ፣ ተስሞ ነው የሚበላው። እያወቁ መድፋት የእብድ ሥራ ነው። እሺ ያለች መስሎኝ አለፍሁት።

በሩ የሚቆረጥ ቀን የባሌ እናት ከቤት ወጥታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዘንጓን ተደግፋ እስከ ብየዳ ቤቱ ድረስ መጣች። ላሜራውን ዳሰሰችው። የብየዳው ስፌት ላይ ጣቷን እንደ ዓይነ ስውር አስኬደችው።

"እሱ የበየደው ነው" አለች።

"አውቃለሁ እናቴ።"

"እጁ ያረፈበት።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ብለሽ ታስቆርጫለሽ?"

"አንቱ ይፍረዱ" አልኋት። "እሱ በቆመበት፣ እሱ ጀርባውን በሰጠበት ልቁም?"

እጇን ከላሜራው አላነሳችም። በያጁ ግራይንደሩን እንደያዘ ወደ መሬት ያያል። በመጨረሻ እሱን፣ "ላሜራውን ወዴት ትጥለዋለህ?" አለችው።

"አልጥለውም እናቴ። እዚያው ነው ሁለት የሚሆነው።"

"እንግዲያ ቁረጥ" አለችና ብልጭታው እንዳያገኛት ፊቷን አዞረች።

ሥራው ሲያልቅ ግቢ አቁሜ እሞክረው ጀመር። ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ገመዱን እስባለሁ፤ ሰንሰለቱ ይንኳኳል፤ የታችኛው ይነሳል፤ የላይኛው ሲወርድ ጆሮ የሚደፍን ድምፅ ያሰማል። በያጁ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ጠርዙን ለበጠልኝና ድምፁ ወደ እፍንፍን ያለ ምት ተለወጠ። ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ሌላ ጊዜ ጨለማ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሰው ይለምደዋል፤ ይህ እንደዚያ አይደለም። እከፍታለሁ፤ እዘጋለሁ። የባሌ እናት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ካሰጣችው ጥሬ ድንጋይ እየለቀመች ታየኛለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "በቃሽ፤ ልብን ያወልቃል" አለች።

አጨዳው ላይ በሩ በደንብ ሠራ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ሲያዩት ተሰልፈው ቀለዱብን።

"ባንክ ቤት ሆናችሁ እንዴ?" አለ አንዱ።

"ትኬት ቁረጭልን፣ እስከ ደሴ!" አለ አንድ የወሎ ልጅ።

"ደሴ ድረስ በዚህ ጫማህ?" አለችው የባሌ እህት። "ትኬት ሻጯን አታድክማት፤ ሳህንህን ይዘህ እለፍ።"

እኔ ውስጥ ሆኜ አበስላለሁ፤ ሜዳው በሙሉ እንደ ሥዕል ፊቴ ተዘርግቷል። ሂላዎቹን አያለሁ፤ ሰዎቹ ሂላውን ገልብጠው ሸራው ላይ ሲያራግፉ ዘሩ እንደ ዝናብ ሲፈስ እሰማለሁ፤ ሠራተኞቹ የሚያድሩበትን የሣር ራኩባ አያለሁ፤ ጀለቢያ የለበሱ ከብት ነጂዎች ከድንበሩ ወዲህ ሲያልፉ አያለሁ። ሽሮ ማቃጠል ተውሁ። ነገር ግን ሁሉን ማየትም ዕረፍት አልሰጠኝም። ድሮ የማላየውን እፈራ ነበር፤ አሁን የማየውን ሁሉ መፍራት ጀመርሁ። አቧራ ሁሉ አንድ ነው። የነፋሱም፣ የትራክተሩም፣ የሞተር ብስክሌቱም ከሩቅ ሲነሳ ያው ቀጭን ቡናማ ጭራ ነው። ግራ እጄ ጭልፋ ይዞ ቀኝ እጄ ገመዱን ሲፈልግ አገኘዋለሁ።

ከሽንፋ አልፈን ወደ ገለጉ በሚወስደው በኩል ያለ እርሻ ጠራን። ሩቅ ነው፤ ሰሊጡ ግን አፉን ከፍቷል፤ አብሳይ የላቸውም። የባሌ እህት "እንሂድ" አለች፤ እኔም አልከለከልሁ።

ምሳ ሰዓት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ እኔ እሞላለሁ፤ እሷ ወስዳ ታድላለች። አቧራውን ያየሁት ከራኩባው ወዲያ ነው። ሁለት ጭራ ነበር። ትራክተር ሁለት ጭራ አይኖረውም። ጠራኋት።

ዞር ብላ አየች። እንዳየችው ፊቷ ላይ አነበብሁ።

"ድፊው!" አልሁ።

አልደፋችውም። ሳህን አንስታ ለአንዱ ሰጠች። ሁለተኛውን አንስታ ለሌላው ሰጠች። እጇ ይቸኩላል፤ ግን ለድግስ እንግዳ እንደምታሳልፍ ሴት እያንዳንዱን ሳህን በሁለት እጇ ነበር የምትሰጠው። "ተቀበል፤ አንተም ተቀበል" ትላለች። ሠራተኞቹም እየተቀበሉ ይቆማሉ። የሞተሮቹ ድምፅ መጣ። "ወደ ጋቢና!" አልኋት። "ሁለት ነው የቀረው" አለችኝ። ገመዱ በእጄ ነው። ብስበው የቀሩት ሳህኖች ይገለበጣሉ፣ እሷ ውጭ ትቀራለች፤ እኔ ጨለማ ውስጥ ሆኜ መሪው ጋ እደርሳለሁ። ይህን ሁሉ በብየዳ ቤቱ ያሰብሁት ነበር፤ እሷን ከውጭ ጥዬ መሄድን ግን አላሰብሁትም።

አልሳብሁትም።

ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ክላሽ ይዘዋል። የማን እንደሆኑ አልጠየቅንም፤ በዚህ አገር መሣሪያ የያዘን ሰው ማን ነህ አይሉትም። ሁለቱ ሞተሮቹ ጋ ቀሩ። ሦስተኛው ፎጣውን ከአፉ አውርዶ ወደ መስኮቴ መጣ። ወጣት አልነበረም፤ አረጋዊም አልነበረም። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም።

"ምሳ ደርሷል?"

"ደርሷል" አለች የባሌ እህት።

"ለእኛስ?"

"ለእንግዳ መቼ ጠፍቶ ያውቃል።"

ሞላሁለት። ቆሞ ከጠረጴዛው ላይ በላ። መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎት ስለነበር ሰንሰለቱ ተወጥሯል። ሲያኝክ ዓይኑ ውስጡን ይዞራል፤ ምድጃውን፣ በርሜሉን፣ አልጋዋን፣ ወደ ጋቢናው የሚያሻግረውን ክፍተት። መጨረሻ ላይ እጄን አየ።

"ይኼ ገመድ ምንድን ነው?"

"መዝጊያ ነው።"

"ለምን?"

"ለአቧራ።"

ሳቀ። "አቧራው እኛ ነን?"

ማንም አልሳቀም። አንድ ሠራተኛ የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰው።

"እስኪ ዝጊው" አለኝ።

"ሳህንህ አለበት።"

ሳህኑን በአንድ እጁ አነሳ፤ መሣሪያውን በሌላው። "አሁንስ?"

የባሌ እህት አጠገቡ ቆማለች። እኔ አልንቀሳቀስ ስል ራሱ የታችኛውን በጉልበቱ ወደ ላይ ገፋው። ድጋፉ ወደቀ፤ የላይኛው ወረደ፤ ጎማው እፍን ያለውን ድምፅ አሰማ። ጨለመ።

በሩ እንዳሰብሁት ሆኖ ተዘግቷል። መቀርቀሪያውን በእጄ ዳብሼ አገኘሁት። ላሜራው ላይ ሁለት ጊዜ በጣቱ መታ አደረገ፤ ሰው የሐብሐብ መብሰል እንደሚሞክር።

"ጠንካራ ነው" ሲል ሰማሁት። "ባል አላት?"

"አላት" አለች የባሌ እህት።

"የት አለ?"

"ቤት ነው።"

"ምን ይሠራል?"

"በያጅ ነው። ይኼን የሠራው እሱ ነው።"

ወንድሟን የቀበረችው እሷም ነች፤ አፈር ያለበሰችው እሷም ነች፤ እዚያ ቆማ ግን ቤት ነው አለችው። የመኪናው ቁልፍ መሪው ላይ ነበር። አልጋዋን በጉልበቴ ብሻገር ሦስት ትንፋሽ አይፈጅም። አልተሻገርሁም። መቀርቀሪያውን እንደያዝሁ የእሷን ድምፅ ብቻ አዳመጥሁ፤ ድምጿ እስካለ ድረስ እሷም አለች።

"ውሃ ልጨምርልህ?"

"ይበቃል። ነገም ትመጣላችሁ?"

"ሰሊጡ እስኪያልቅ።"

ሞተሮቹ ተነሱ፤ ራቁ። ከዚያም ቢሆን የሚከፍት ሰው ጠፋ። ራሴ ስከፍተው ብርሃኑ ዓይኔን ወጋው፤ እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ ሁለት ባዶ ሳህኖች ጭኗ ላይ ይዛለች።

የተጣላነው መንገድ ላይ ነው። እኔ እነዳለሁ፤ እሷ ወደ መስኮቱ ታያለች።

"ለምን አልዘጋሽውም?" አለችኝ።

"አንቺስ ለምን አልደፋሽውም?"

"እህል እኮ ነው!"

"እህል ነው። አንቺስ ምንድን ነሽ?"

"እሜቴ፣ እኔን ጥለሽ መሄድ ነበር የነበረብሽ። እንዲያ ነበር ነገራችን።"

"ነገራችን አንቺ እንድትሮጪ ነበር።"

"እህሉን ረግጬ? በወንድሜ ዓመት? በየትኛው ዓይኔ አያለሁ?"

ከዚያ አለቀሰች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ከለቅሶ ቤት ውጭ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው። መኪናዋን ላቁምላት ፈልጌ ነበር፤ እዚያ መንገድ ላይ ግን መቆም አልደፈርሁም።

ቤት ስንደርስ ሁሉንም ለእናቷ ነገረቻት፤ ቀልድ እየጨመረች ልታቀልለው ሞከረች፤ "ሽሮው ጣፍጦት ነው የለቀቀን" አለች። እናትየው አልሳቀችም። ልጇን በቀስታ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"አንቺ ከዚህ ወዲያ አትወጭም" አለች።

"እማየ፣ እሷ ብቻዋን..."

"አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗን ለማንሳት ጊዜ ፈጀባት። "አንቺንም አትሂጂ ብል ደስታዬ ነበር። ግን ተይ ብዬ በምን አኖርሻለሁ? እኔ ምን አለኝ?"

ፊቷን ማየት አልቻልሁም። "እግዜር ይስጥልን እናቴ" ብዬ ወጣሁ።

ሌሊቱ ነግቶ ብቻዬን ወጣሁ። ወደዚያው እርሻ ነው፤ ጅምር ሥራቸውን ጥዬ ሌላ መሄድ አልቻልሁም። ሠራተኞቹ ሲያዩኝ ስለ ትናንቱ አልጠየቁኝም። "ታናሽ እህትየዋስ?" አለ ከመጀመሪያው እርሻ ወደዚህ የዞረው የጎጃሙ ሰው። "ቤት ቀረች" ስለው ራሱን ነቀነቀ። ማንም ስለ ባንክ ቤትም ስለ ትኬትም አልቀለደም።

ሥራውን ለወጥሁት። ጠረጴዛው ላይ ሳህን አላስቀምጥም፤ ከእጄ ወደ እጃቸው ነው። አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ ይቀበላሉ፤ ይሄዳሉ። ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ ይውላል። ላዩ ላይ የሚቀር ዕቃ ከሌለ፣ ውጭ የሚጠብቀኝ ሰው ከሌለ፣ ገመዱን የሚያግደኝ ነገር የለም። መኪናዋን ሳቆም አፍንጫዋን ወደ ቤት መመለሻው አደርጋለሁ። እንዲህ ሆኖ ሳለ ጋቢናው በኩል ያለውን መንገድ አላየውም፤ አሁን ጀርባዬ ወደዚያ ነው። ጀርባ ከአንዱ ቦታ ቢያነሱት ሌላ ቦታ ያርፋል። ይህን ለበያጁ ብነግረው ሌላ በር ይሠራልኝ ይሆናል።

አንድ ሸምገል ያለ ሠራተኛ ነበር፤ ከወሎ የመጣ፤ ቀስ ብሎ የሚበላ፣ ከሁሉም በኋላ የሚመጣ። ሳህኑን ተቀበለና የጫማው ማሠሪያ ተፈትቶ ስላየ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ጎንበስ አለ። አንሳው ልለው አፌን ስከፍት ከራኩባው ወዲያ አቧራ አየሁ።

ሳብሁ።

ከእኔ ቀድሞ እጄ ሳበ። ሳህኑ ሰንሰለቱን መትቶ ወደ ውጭ ሲገለበጥ ሰማሁት፤ ከዚያ የጎማው ምት፤ ከዚያ ጨለማው። መቀርቀሪያውን ዘጋሁ። አልጋዋ ላይ በጉልበቴ ወጥቼ፣ መሪው ጋ ደርሼ፣ ቁልፉን ላዞር ስል የትራክተር ድምፅ ሰማሁ። የሚንኳኳ፣ ሰነፍ የትራክተር ድምፅ። የእርሻው ትራክተር ከምንጩ ውሃ ቀድቶ እየተመለሰ ነው።

ተመልሼ በሩን ከፈትሁ። ሠራተኞቹ ከተቀመጡበት ሆነው ያዩኛል። አንዱ ቀስ ብሎ፣ "ትራክተሩ ነው እኮ እትዬ" አለኝ።

ሰውየው መሬት ላይ ተንበርክኳል። እንጀራውን ከዋልካው ላይ አነሳው፤ ወደ ግንባሩ አስነክቶ ሳመው፤ አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገ። ወጡ በመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል።

"አባቴ ይተውት" አልሁት። "ሌላ እሰጥዎታለሁ።"

"ለምን?" አለኝ፤ ቅሬታ በሌለበት ድምፅ። "ይኸም እህል ነው።" ቁጭ ብሎ መብላት ጀመረ።

ወጥ ብቻ ጨምሬለት ሳህኑን ዘረጋሁለት። በግራ እጄ ነበር የጨለፍሁለት፤ ቀኙ ገመዱን አልለቀቀም።